ዜሮውንም ጥርጣሬውንም የጻፈው መምህር



የዓመት መጽሐፋችን አዘጋጆች ከሙያዬ አንድ ታላቅ ሰው መርጬ ሕይወቱን እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ብዙም አላመነታሁም። በዚሁ ግቢ ተምሬ፣ በዚሁ ግቢ ፍሉድ ሜካኒክስ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት የአንድን ሰው ስም ሰሌዳ ላይ ሳልጽፍ ያለፈ ሴሚስተር አላስታውስም። ሰውየው ሰር ጆርጅ ጋብሪኤል ስቶክስ ነው። በወጉ አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ግን ረጅም ዘመን አብሮኝ ስለኖረ እንደ ቅርብ ዘመድ ሆኖብኛልና እሱ እያልኩ ብቀጥል አንባቢ ቅር አይበለው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምህንድስና ያጠናችሁ ስሙን ናቪየር-ስቶክስ ከሚባሉት እኩልታዎች ታውቁታላችሁ። ሲቪል የነበራችሁ ደግሞ አፈር ላብራቶሪ ውስጥ ሃይድሮሜትሩን በብርጭቆው ሲሊንደር ከትታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ደቃቁ አፈር እስኪዘቅጥ የጠበቃችሁበት ሙከራ የቆመው በእሱ ሕግ ላይ ነው። ከሁለቱም ውጪ የሆናችሁም አልራቃችሁም፤ ቡና አፍልታችሁ ጀበናው እስኪሰክን ከጠበቃችሁ ስቶክስ ያሰላውን ነገር በእጃችሁ ሠርታችሁታል። ሻካራው ዱቄት ቶሎ ይወርዳል፣ የላመው ይዘገያል።

እኔ ግን ዛሬ በተለይ ላወራ የፈለግሁት በ25 ዓመቱ ዜሮ ነው ብሎ ስላለፈው አንድ ቁጥር ነው፤ ስለዚያው ቁጥር ኋላ ላይ በግልጽ ስለጻፈው ጥርጣሬም ጭምር። ቁጥሩ ባልክ ቪስኮሲቲ ይባላል፤ ሁለተኛው ቪስኮሲቲ የሚሉትም አሉ። ዜሮው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተሸጋገረ እኛ ዘንድ ደርሷል። ጥርጣሬው ግን መንገድ ላይ ቀርቷል። የዚህን ሰው ሕይወት መተረክ የፈለግሁት የቀረውን ግማሽ መልሼ ለማምጣት ነው።

ከስክሪን እስከ ካምብሪጅ

ስቶክስ ኦገስት 13 ቀን 1819 በምዕራብ አየርላንድ፣ በስላይጎ ግዛት፣ ስክሪን በምትባል የገጠር ደብር ተወለደ። አባቱ የዚያች ደብር ቄስ ነበሩ፤ እናቱም የቄስ ልጅ ናቸው። ከወንድሞቹ ሁሉ ታናሹ እሱ ነው። ታላላቆቹ የአባታቸውን መንገድ ተከትለው ወደ ክህነቱ ገቡ። እሱ ካህን ባይሆንም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ጠንካራ አማኝ ሆኖ ኖሯል።

የመጀመሪያ ትምህርቱን እዚያው ተማረ፣ ከዚያ ወደ ደብሊን፣ ቀጥሎም ባሕር ተሻግሮ ወደ እንግሊዟ ብሪስቶል ሄደ። በ1837 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ፔምብሮክ ኮሌጅ ገባ። በዚያን ዘመን የካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና ቀናት የሚፈጅ፣ ተማሪው ሁሉ በደረጃ ተሰልፎ ስሙ የሚነበብበት ከባድ ፈተና ነበር። አንደኛ የወጣው ሲኒየር ራንግለር ይባላል፤ ማዕረጉም ዕድሜ ልክ አብሮት ይኖራል። ጎበዝ ተማሪዎች የግል አስጠኚ ይይዙ ነበርና ስቶክስን ያስጠናው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ዊልያም ሆፕኪንስ ነው። በ1841 ስቶክስ አንደኛ ወጣ። የስሚዝ ሽልማት በሚባለው ሁለተኛ ውድድርም አንደኛ ሆነ። ኮሌጁም በዚያው ዓመት ፌሎ አድርጎ አስቀረው።

ከተመረቀ በኋላ ምን ላይ ላተኩር ብሎ ሲያስብ፣ ሆፕኪንስ የፈሳሾችን እንቅስቃሴ እንዲያጠና መከረው። አንድ የመምህር ምክር የሰውን ሕይወት ምን ያህል እንደሚወስን ከዚህ በላይ ማሳያ አላውቅም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1842፣ የመጀመሪያ ጽሑፉ ወጣ።

ሁለቱ ቁጥሮች

በጊዜው ኦይለር ከ100 ዓመት ገደማ በፊት የጻፋቸው የፈሳሽ እኩልታዎች ነበሩ። ውብ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። ሰበቃ የላቸውም። በእነሱ ስሌት ማርና ውሃ በፍሰታቸው አይለያዩም፤ ቱቦ ውስጥ የሚፈስ ውሃም በግድግዳው አይያዝም። ይሄ እንደማይሆን ቧንቧ የከፈተ ሁሉ ያውቃል። የፈሳሹ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ ሲንሸራተት እርስ በርስ ይጎተታል። ይህ ውስጣዊ ሰበቃ ነው ቪስኮሲቲ የሚባለው።

ፈረንሳዮቹ ቀድመው ሞክረውታል። ናቪየር በ1822፣ ፑዋሶን በ1829፣ ሳን-ቬናን ደግሞ በ1843 ሥራቸውን አቅርበዋል። ስቶክስ የራሱን መንገድ ይዞ ወደ ተመሳሳይ እኩልታ ሲደርስ እነሱ ቀድመው እንደደረሱበት አወቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ሥራውን ይጥለው፣ ወይ የእነሱን ስም ይዘለው ነበር። እሱ ሁለቱንም አላደረገም። ስማቸውን ጠቅሶ፣ የእሱ መነሻ ከእነሱ በምን እንደሚለይ አስረድቶ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1845 በካምብሪጅ ፍልስፍና ማኅበር ፊት ጽሑፉን አቀረበ። ናቪየር በሞለኪውሎች መካከል ስላለ ኃይል ግምት ወስዶ ነበር የተነሳው። ስቶክስ ግን ፈሳሹን እንደ አንድ ያልተቆራረጠ አካል ወስዶ፣ የሰበቃው ኃይል ፈሳሹ ቅርጹን ከሚቀይርበት ፍጥነት ጋር ብቻ ይያያዛል ብሎ ጀመረ። ዛሬ ክፍል ውስጥ የምናስተምረው በእሱ መንገድ ነው።

አሁን ትንሽ ጠጋ ብለን እንይ። አንድ ቁራሽ ፈሳሽ በሁለት መንገድ ሊለወጥ ይችላል። አንደኛው ቅርጹ ነው፤ ሊጥ ሲዳመጥ እንደሚሆነው፣ መጠኑ ሳይቀንስ መልኩ ብቻ ይቀየራል። ሁለተኛው ይዘቱ ነው፤ የብስክሌት ጎማ መንፊያውን አፍ በአውራ ጣት ዘግተን ስንገፋ፣ ውስጡ ያለው አየር ይታመቃል። ስለዚህ እኩልታው ሁለት ቁጥሮች ይፈልጋል። የመጀመሪያው ፈሳሹ የቅርጽ ለውጥን ምን ያህል እንደሚቃወም ይናገራል፤ ሁላችንም ቪስኮሲቲ ስንል የምናስበው እሱን ነው። ሁለተኛው ደግሞ የይዘት ለውጥን ፍጥነት ምን ያህል እንደሚቃወም ይናገራል። ባልክ ቪስኮሲቲ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄው ስስ ነው። መንፊያው ውስጥ ያለው አየር በታመቀ ቁጥር ግፊቱ እንደሚጨምር ማንም ያውቃል። የሙቀቱን ነገር ለጊዜው እንተወውና፣ ግፊቱ የሚወሰነው በታመቀው መጠን ብቻ ነው? ወይስ በታመቀበት ፍጥነትም ጭምር? በዝግታ ብገፋውና በቅጽበት ብገፋው፣ እዚያው ነጥብ ላይ ስደርስ እኩል ግፊት አገኛለሁ?

ስቶክስ እኩል ነው ብሎ ገመተ። ፈሳሽ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲሰፋ ወይም ሲጠብ፣ ፍጥነቱ ብቻውን ተጨማሪ ግፊት አይፈጥርም አለ። በዚህ ግምት ሁለተኛው ቁጥር ዜሮ ሆነ፤ ሁለት ቁጥር ይፈልግ የነበረው እኩልታም በአንድ ቁጥር ቆመ። መጻሕፍት የስቶክስ ግምት የሚሉት ይህን ነው።

ለምን እንዲህ አደረገ? አንደኛ፣ ያንን ቁጥር ለይቶ የሚለካ መሣሪያ በዘመኑ አልነበረም። ሁለተኛ፣ እሱን ያሳስቡት በነበሩት ጉዳዮች ቁጥሩ ዜሮ ሆነም አልሆነም ልዩነት አያመጣም ነበር። ውሃ ሲፈስ ይዘቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል። ቁጥሩ የሚባዛው በይዘት ለውጥ ፍጥነት ስለሆነ፣ ያ ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ አንድም ይሁን ሺህ ውጤቱ ዜሮ ነው። ወንዝ፣ ቦይ፣ ቧንቧ፣ ግድብ ሁሉ በዚህ ይካተታሉ። በቀስታ የሚነፍስ አየርም ቢሆን ብዙም አይታመቅም።

የግርጌው ማስታወሻ

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 1850፣ ስቶክስ ስለ ፔንዱለም የሚያትት ረጅም ጽሑፍ አቀረበ፤ በ1851 ታተመ። በዚያን ጊዜ የመሬትን ስበት በትክክል የሚለኩት በፔንዱለም ነበርና አየሩ ምን ያህል እንደሚያዘገየው ማወቅ ትልቅ ጉዳይ ነበር። እዚሁ ጽሑፍ ውስጥ ነው አንዲት ትንሽ ድቡልቡል ነገር በፈሳሽ ውስጥ ቀስ ብላ ስትወርድ የሚገጥማትን መከላከል ያሰላው። በዚያው ስሌት የደመና ጠብታዎች ለምን ቶሎ እንደማይወድቁ አስረዳ፤ በጣም ደቃቅ ስለሆኑ አየሩ ራሱ ይይዛቸዋል። ኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካዊው ሚሊካን የኤሌክትሮንን ቻርጅ ሲለካ የተጠቀመው፣ ትንሽ አስተካክሎ፣ ይህንኑ ሕግ ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን እዚያው ጽሑፍ ውስጥ በግርጌ ማስታወሻ ያስቀመጠው ነገር ነው። በ1845 ስለዚያ ሁለተኛ ቁጥር የወሰደው ግምት፣ የማይታመቁ ፈሳሾች እኩልታ በቆመበት ዓይነት ጽኑ መሠረት ላይ እንዳልቆመ ሁልጊዜም ይሰማው እንደነበር ገልጾ ጻፈ። እስቲ አስቡት! ማንም አልጠየቀውም። የተቃወመው ሙከራ አልነበረም። ስሙ ገና እየገነነ ያለ የ31 ዓመት ወጣት፣ ራሱ የሠራውን ሕንፃ እያሳየ፣ ይሄኛው ምሰሶ እንደሌሎቹ ጠንካራ አይደለም ብሎ በጣቱ ጠቆመ።

ይህ የአንድ ቀን ነገር አልነበረም፤ ጠባዩ ነው። ሌላ ምሳሌ ልጨምር። የፀሐይ ብርሃን በፕሪዝም ሲበተን የሚታዩት ጥቁር መስመሮች ከየት እንደመጡ፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለወዳጁ ለዊልያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን ለተባለው፣ በጨዋታ መልክ አስረድቶት ነበር። ቶምሰን ያንን ይዞ ግላስጎው ላይ ተማሪዎቹን ያስተምር ጀመር። በ1859 ጀርመናዊው ኪርክሆፍ ነገሩን በሙከራ አስደግፎ ሲያሳትም፣ ቶምሰን ክብሩ የስቶክስ ነው ብሎ ተከራከረ። ስቶክስ ራሱ ግን እምቢ አለ፤ እኔ ያን ያህል ርቄ አልሄድኩም ብሎ ክብሩን ለኪርክሆፍ ተወለት።

መምህሩና ኑሮው

በ1849 የሉካስ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ይህ ኒውተን የተቀመጠበት የሒሳብ ወንበር ነው። ስቶክስ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ 54 ዓመት ያህል፣ አልተነሳበትም። ወንበሩ የከበረ ቢሆንም ደመወዙ ግን የከበረ አልነበረም። መምህራን ወገኖቼ ይህን ስታነቡ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ስቶክስም ገቢውን ለመደጎም ለንደን በሚገኘው የማዕድን ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍል ያስተምር ነበር።

በ1852 አንዳንድ ነገሮች የማይታየውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ተቀብለው የሚታይ ብርሃን እንደሚመልሱ የሚያሳይ ታላቅ ጥናት አወጣ። ፍሎረሰንስ የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። በ1854 ለስሚዝ ሽልማት ባወጣው ፈተና ውስጥ፣ ዛሬ ካልኩለስ የተማረ ሁሉ የስቶክስ ቲዎረም ብሎ የሚያውቀውን እንደ አንድ ጥያቄ አስገባው። ከተፈታኞቹ መካከል ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የሚባል ወጣት ነበር። ይህ ተማሪ ኋላ የመምህሩን ዜሮ በተመለከተ የሚናገረው ይኖረዋል።

በ1857 የአርማ ኦብዘርቫቶሪ የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበሩትን የሮቢንሰንን ልጅ፣ ሜሪን፣ አገባ። በጊዜው ሕግ ያገባ ሰው የኮሌጁ ፌሎ መሆን ስለማይችል ፌሎነቱን ለቀቀ፤ ሕጉ ሲሻሻል መለሱለት። ከሠርጉ በፊት ለእጮኛው 55 ገጽ የሆነ ደብዳቤ እንደጻፈላትና ሠርጉ ሊፈርስ ጥቂት እንደቀረው ይተረካል። ስለ ራሱ ጥርጣሬ መጻፍ ልማዱ ነበርና እጮኛም አልቀረላትም! ትዳራቸው ግን ጸንቶ፣ እሷ በ1899 እስካረፈች ድረስ ዘለቀ። ሐዘንም አላጣቸውም፤ ሁለት ሴት ልጆቻቸው በሕፃንነታቸው ሞተውባቸዋል።

ከ1854 እስከ 1885 ድረስ፣ 31 ዓመት ሙሉ፣ የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሆኖ አገለገለ። የሰው ጽሑፍ ያነብባል፣ ስህተቱን ያርማል፣ ለወጣቱም ለሽማግሌውም ረጅም መልስ ይጽፋል። ጊዜውን ለሰው ሥራ ስለሰጠ የራሱ ምርምር ተጎዳ ብለው ወዳጆቹ ያዝኑ ነበር። ይህን ዓይነት መምህር ሁላችንም እናውቃለን። የራሱ የኅትመት ዝርዝር ቢያጥርም በሌሎች ሥራ ውስጥ ተበትኖ ይኖራል።

በተግባር ጉዳይም ይጠሩት ነበር። በ1847 ቼስተር አጠገብ የዲ ወንዝ የባቡር ድልድይ ወድቆ ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ባቡር በላዩ ሲያልፍ ድልድይ ምን ያህል እንደሚለመጥ የሚገልጸውን አስቸጋሪ እኩልታ በ1849 ፈታ። በ1879 የስኮትላንዱ ቴይ ድልድይ በማዕበል ከነባቡሩ ሲደረመስም፣ ነፋስ በባቡር ድልድዮች ላይ የሚያሳድረውን ግፊት እንዲያጠና በተቋቋመው መንግሥታዊ ኮሚሽን ውስጥ አባል ሆነ። ግምት በትክክል ካልተገለጸ ሰው እንደሚሞት ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከ1885 እስከ 1890 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዝዳንት፣ ከ1887 እስከ 1892 ዩኒቨርሲቲውን ወክሎ የፓርላማ አባል ነበር። ኒውተንም እነዚህን ሦስት ኃላፊነቶች፣ የሉካስ ወንበርን፣ ፕሬዝዳንትነትንና የፓርላማ መቀመጫን፣ በየጊዜው ይዟል፤ ሦስቱን ባንድ ጊዜ የያዘው ግን ስቶክስ ነው። በ1889 ባሮኔት ተብሎ ሰር ሆነ። በ1902 የጥንት ኮሌጁ የፔምብሮክ ኃላፊ አደረገው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1903 ካምብሪጅ ውስጥ በ83 ዓመቱ አረፈ።

ጥርጣሬው ፍሬ ሲያፈራ

ያ የግርጌ ማስታወሻ ልክ እንደነበር ያወቅነው ቀስ በቀስ ነው። የመጀመሪያው ምስክር ያ የ1854 ተፈታኝ፣ ማክስዌል ነው። በ1860ዎቹ ባዳበረው የጋዞች ንድፈ ሐሳብ፣ እንደ ሂሊየምና አርጎን ሞለኪውላቸው አንድ አቶም ብቻ ለሆነ ስስ ጋዞች የመምህሩ ዜሮ ትክክል እንደሆነ ማሳየት ተቻለ። ለሌሎቹስ? እዚያ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ምክንያቱን በሠርግ ድንኳን ላስረዳ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ በር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ አስተናጋጆች ወስደው ወደ ውስጥ ያስቀምጡታል። እንግዶቹ አንድ በአንድ ከመጡ በሩ አይጨናነቅም። ሁሉም ባንዴ ከመጡ ግን እስኪቀመጡ ድረስ በሩ ላይ ግፊያ ይሆናል። በመጨረሻ የሚቀመጠው ሰው ቁጥር አንድ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ግፊያ ግን በፍጥነታቸው ይወሰናል። ጋዝም እንዲሁ ነው። ስናምቀው ጉልበቱ መጀመሪያ የሚገባው በሞለኪውሎቹ ሩጫ ውስጥ ነው፤ ግፊት የምንለውም ከዚህ ሩጫ የሚመጣውን ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጉልበቱ እየተላለፈ ሞለኪውሎቹን የሚያሽከረክረውና የሚያንዘፈዝፈው። ያ መዘግየት ነው ባልክ ቪስኮሲቲን የሚወልደው። የሂሊየም አቶም ብቻውን ስለሆነ የሚሽከረከርም የሚንዘፈዘፍም ነገር የለውም። የእሱ ድንኳን በር ብቻ ነው፤ ስለዚህ መዘግየት የለም፣ ቁጥሩም ዜሮ ነው።

ይህን ያጋለጠው ድምፅ ነው። የድምፅ ሞገድ ማለት ጋዙ በፍጥነት እየታመቀና እየሰፋ መሄዱ ነው፤ መዘግየቱ ድምፁን እየበላ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስቶክስ በ1845 በራሱ ዜሮ ተማምኖ ድምፅ በርቀት ምን ያህል እንደሚደክም አስልቶ ነበር። የ20ኛው ክፍለ ዘመን መሣሪያዎች ሲለኩት ድምፁ ከዚያ ይበልጥ ይደክማል። በውሃ ውስጥ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ቬርን ክኑድሰን የአየሩ እርጥበት ሲለወጥ ድምፅ የሚዋጥበት መጠን እንደሚለወጥ በልኬት አሳየ፤ ጀርመናዊው ሐንስ ክኔዘር ደግሞ ጉዳዩን ከሞለኪውሎች መንዘፍዘፍ ጋር አያያዘው። በ1942 በሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ የሠራው ላስሎ ቲሳ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ባልክ ቪስኮሲቲ ከዋናው ቪስኮሲቲ 2000 ጊዜ ያህል ሊበልጥ እንደሚችል አሰላ። ዜሮ የተባለው ቁጥር ማለት ነው! ለናይትሮጂን ከዋናው ከግማሽ በላይ፣ ለውሃ ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። በ1954 ስለ አንደኛውና ሁለተኛው ቪስኮሲቲ የተደረገ ሰፊ ውይይት ታተመ፤ ያሳተመው ስቶክስ 31 ዓመት ጸሐፊ የነበረበት ሮያል ሶሳይቲ ራሱ ነው።

ልክ ልኩንም መናገር አለብኝ። ይህ ቁጥር ሁሉንም ስሌት አይገለብጥም። ወንዝና ቧንቧ እንደ ድሮው ናቸው። ከድምፅ በላይ በሚበር አካል ፊት በሚፈጠረው ሾክ ዌቭ እንኳ፣ ከሞገዱ በፊትና በኋላ ያለው ግፊት በዚህ ቁጥር አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሞገዱ ውፍረትና የውስጥ መልኩ ነው። ደግሞም ለውጡ ከሞለኪውሎቹ መዘግየት ይበልጥ ፈጣን ከሆነ፣ አንድ ቋሚ ቁጥር ማስገባትም አይበቃም፤ የመንዘፍዘፉን ጉልበት ለብቻው ማስላት ያስፈልጋል። ለዚህ የቅርቡ ምስክር ማርስ ናት። አየሯ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በ2021 እዚያ ያረፈችው ፐርሰቪራንስ በማይክሮፎኗ የቀዳችው ድምፅ ሲመረመር፣ ቀጭኑ ድምፅ ከወፍራሙ በሴኮንድ 10 ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ ርቆ ሳይሄድም ይጠፋል። ቀጭኑ ድምፅ ሞለኪውሎቹ እስኪንዘፈዘፉ አይጠብቅም። በአጭሩ፣ እንግዶቹ ሳይቀመጡ ሠርጉ አለቀ ማለት ነው።

ለእኛስ?

ይህ የሩቅ ሰው ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላባክንም ነበር። ከጡረታዬ ጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማስተርስ ተማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሞላበት ቱቦ ውስጥ የአልትራሳውንድ ሞገድን በኮምፒውተር ያስመስል ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው። ስሌቱ ድምፁ ከቱቦው ጫፍ ጫፍ ይደርሳል ይላል፤ መሣሪያው ግን ምንም አይሰማም ማለት ይቻላል። ወራት ፈጀ። ማይክሮፎኑን ቀየረ፣ ገመዱን ቀየረ፣ ቱቦው ያፈሳል ብሎ በሳሙና አረፋ ፈተሸ። ጊዜውም ገንዘቡም እያለቀ፣ ትምህርቱን ሊተው ጫፍ ደርሶ ነበር። ሶፍትዌሩን አብረን ከፍተን ስናይ ሁለተኛው ቪስኮሲቲ የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ ውስጡ ዜሮ ተሞልቷል። ማን ሞላው ስለው ከመጀመሪያውም እንዲሁ ነበር አለኝ። ለምን ዜሮ ሆነ ስለው፣ መጽሐፉም እንዲሁ ይላል አለኝ።

እውነቱን ነው፤ መጽሐፉ እንዲሁ ይላል። የ1851ን ጽሑፍ አውጥቼ የግርጌ ማስታወሻውን አስነበብኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየውና፣ ሰውየው ራሱ አላመነበትም ነበር እንዴ አለኝ። ከዚያ በኋላ የሞለኪውሎቹን መዘግየት በስሌቱ አስገብቶ ውጤቱ ከልኬቱ ጋር ተቀራረበለት፤ ተመረቀም። ያ ዜሮ አንድ ተማሪ ሊያስቀረን ምንም አልቀረው ነበር። ማስታወሻው ከዜሮው ጋር አብሮ ቢደርሰው ኖሮ ግን ወራቱ ይተርፉለት ነበር።

እንደ እኔ እምነት የስቶክስ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ግምት መውሰድ ነውር አይደለም፤ ያለ ግምት አንድ እርምጃ መሄድ አይቻልም። በ1845 ያንን ዜሮ ባይወስድ ኖሮ እኩልታው ማንም የማያውቀውን ቁጥር ተሸክሞ ይቀር ነበር። ሰውየውን ታላቅ የሚያደርገው ግምቱን ግምት ነው ብሎ መጥራቱ፣ የት ላይ እንደሚሠራ መናገሩ፣ የት ላይ እንደሚያሰጋው ደግሞ መጻፉ ነው። ውርስ ስናስተላልፍ ቤቱን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ስንጥቅም ማሳየት አለብን፤ አለበለዚያ ተቀባዩ ስንጥቁ ላይ ፎቅ ይሠራበታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሴሚስተር እነዚህን እኩልታዎች የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ያንን ዜሮ ሰሌዳ ላይ ስትጽፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፤ ያወጣው ሰው ራሱ ይጠራጠረው እንደነበር ንገሯቸው። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ምሩቃንም፣ ሙያችሁ ሕክምና ይሁን ሕግ፣ ሒሳብ ሥራ ይሁን ግንባታ፣ ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው ሞልቶት የሄደ ዜሮ ጠረጴዛችሁ ላይ አይጠፋም። ማን እንደሞላውና ለምን እንደሞላው ጠይቁ። እናንተ ስትሞሉ ደግሞ ምክንያቱን ከጎኑ ጻፉ፤ ከኋላችሁ የሚመጣው ተማሪ ማይክሮፎን ሲቀይር እንዳይከርም።

መልካም የመገናኛ በዓል ይሁንልን። ለከርሞው በሰላም ያገናኘን።